ልጄን የት ላጫውታት? የሃይስኩል ሶፍትቦልና ገባሮቹ ትራቭል ቲሞች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ልጁ 11 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት በሰፈር ሪክ ሊግ (ሁሉም ልጅ ለመዝናናት የሚገባበት ሊግ) ሶፍትቦል ስትጫወት ቆይታለች። አሁን አንድ አሰልጣኝ መጥቶ «ይቺ ልጅ ትራቭል ቲም መግባት አለባት» አለው። ዋጋውን ሲሰማ ደነገጠ። «ወንድሜ፣ ኳስ እኮ ነው! ምን ቢያስተምሯት ነው ይሄን ያህል የሚያስከፍሉት?» አለኝ። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ታጣፊ ወንበር ላይ የጨረስኩ አባት ነኝ፣ በፀሐይም በዝናብም። ሁለት ሰዓት አወራንና በመጨረሻ «ይሄን ለምን አትጽፈውም?» አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ። ሶፍትቦል የቤዝቦል እህት ነው። ኳሱ ተለቅ ይላል፣ ሜዳው ጠበብ ይላል፣ ወርዋሪዋም ክንዷን እንደ ወፍጮ መዘውር አዙራ ኳሱን ከታች ነው የምትለቀው። በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ የተጀመረ ጨዋታ ነው። በ1972 ትምህርት ቤቶች ለሴቶች እኩል የስፖርት ዕድል እንዲሰጡ የሚያስገድደው ሕግ ከወጣ በኋላ ግን የሴት ልጆች ዋና የትምህርት ቤት ስፖርት ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ ሃይስኩሎች ከ3 መቶ ሺህ በላይ ልጃገረዶች ይጫወቱታል። የኛ ልጆች ቁጥር ገና ትንሽ ነው፤ እኛ ወላጆች የምናውቀው እግር ኳስና ሩጫ ስለሆነ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትራቭል ቲም ማለት ከትምህርት ቤት ውጭ የተቋቋመ፣ ልጆችን በሙከራ የሚመርጥ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ቶርናመንት የሚጫወት ቡድን ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከአንድ ሃይስኩል ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እኔ ገባር ነው የምላቸው። ገባር ወንዝ ወደ ትልቁ ወንዝ እንደሚፈስ፣ ልጆቹም ከ10 ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ተጫውተው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ተያይዘው ወደ ሃይስኩሉ ቡድን ይፈስሳሉ። በሌላኛው ትርጉሙም ቃሉ አልሳተም። ገባሩ ወላጅ ነው፣ በየወሩ የሚገብር።

ሃይስኩሎቹ ገባር የሚፈልጉት ወደው አይደለም። የሃይስኩል ትራይአውት (ተጫዋች የሚመረጥበት ሙከራ) ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ነው። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨዋታ ይጀመራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለማንም መወርወር ማስተማር አይቻልም፤ ያ ክንድ አዙሮ መወርወር ዓመታት ይፈጃል። የሚወረወርበት ርቀትም ከዕድሜ ጋር እያደገ ይሄዳል። ከ10 ዓመት በታች 35 ጫማ፣ ከ12 በታች 40፣ ከዚያ በላይና ሃይስኩል 43 ጫማ ነው። ኳሱ ራሱ ከ11 ኢንች ወደ 12 ኢንች ዙሪያ ያድጋል። ስለዚህ ጥሩ ወርዋሪ የሌለው ሃይስኩል ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፦ ልጆቹ ቆመው ኳስ በላያቸው ሲያልፍ ያያሉ፣ የነጥቡ ልዩነት 10 ሲደርስ በአምስተኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ጊዜ ተራ ይዞ የሚመታበት ዙር) ጨዋታው ይቆማል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ አውቶብስ።

እንግዲህ ያላችሁ ምርጫ በደምሳሳው ሦስት ነው። ሪክ ሊግ ተጫውታ በቀጥታ ሃይስኩል ትገባለች፣ ወይ ከሃይስኩሏ ጋር የተሳሰረ ገባር ቡድን ትገባለች፣ ወይ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ጋር የማይገናኝ ስመ ጥር ትራቭል ቲም ትገባለች። ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው ዋንጫና የማሊያ ስም ነው። እኔ ብትሰሙኝ ኢኒንግ ቁጠሩ እላችኋለሁ። ልጄ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ስንት ኢኒንግ ሜዳ ውስጥ ቆመች? ስንት ጊዜ ለመምታት ወጣች? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ሪክ ሊግ ብዙ አልልም። ርካሽ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ሁሉም ልጅ ይጫወታል። ችግሩ ሲዝኑ ማጠሩ ነው፣ ወርዋሪዎቹም ገና ስለሚማሩ ልጃችሁ ከምትመታው ይልቅ በነፃ ወደ ቤዝ (ሯጮቹ ወደሚቆሙበት ማዕዘን) የምትሄደው ይበዛል። እስከ 10፣ 11 ዓመት ድረስ ግን ከሱ የተሻለ ነገር አልፈልግም። በ8 ዓመቷ ልጅ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ገባር ቡድኑ ላይ ግን ልቆይ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ስለሆነ።

ጥሩ ገባር ቡድን ቅርብ ነው። ልምምዱ ከቤት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ ሃይስኩሉ ሜዳ ላይ ነው። ቶርናመንቱ የሚበዛው በመኪና አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሆቴል በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ። ክፍያው ከትልልቆቹ ግማሽም ሲሆን አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ልጅቷ 9ኛ ክፍል ስትገባ የምታገኛቸው ልጆች የምታውቃቸው ናቸው። ካቸሯ (ከምትመታዋ ልጅ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትቀበለው) ከወርዋሪዋ ጋር አራት ዓመት አብራ ኖራለች፣ ምልክቱን በዓይን ይግባባሉ። ሃይስኩሉ አሰልጣኝም ልጆቹ የሚጠሩባቸውን ቃላትና ምልክቶች ከታች ጀምሮ እንዲማሩ ያደርጋል። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ነው የምንሠራው፣ እና ሌሎቹ ወላጆች ጎረቤቶች መሆናቸው ያተረፈልን ነገር ሊነገር አይችልም። «ዛሬ እኔ አደርሳታለሁ» የሚል ሰው ማግኘት በገንዘብ አይተመንም።

መጥፎው ገባር ደግሞ አለ። የሃይስኩሉ አሰልጣኝ ራሱ፣ ወይ ባለቤቱ፣ ወይ ረዳቱ የትራቭል ቲሙ ባለቤት ሲሆን ነው። ያኔ ሁለቱንም በር አንድ ሰው ነው የያዘው። በአፍ ማንም «ለኔ ቡድን ካልከፈላችሁ ቫርሲቲ (የሃይስኩሉ ዋና ቡድን) አትገባም» አይላችሁም። ነገር ግን ቫርሲቲ ውስጥ ካሉት 15 ልጆች 13ቱ ከአንድ ቡድን የመጡ ከሆኑ መልሱን ራሳችሁ አግኝታችሁታል። ምናልባት እነሱ የተሻሉ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል፣ አብረው ብዙ ተጫውተዋልና። ምናልባትም አይደለም። ይሄን የምታጣሩት በወሬ አይደለም። ሁለት ዓመት ወደኋላ ሄዳችሁ የሃይስኩሉን የቫርሲቲ ዝርዝር ከትራቭል ቲሙ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ አለ። ከውጭ የመጣች ልጅ አንድም ጊዜ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል የምትቆም ቁልፍ ተከላካይ) ወይም ወርዋሪ ሆና ታውቃለች? ካልሆነች ይገባችኋል።

ሌላው የገባር ቡድን በሽታ የአባቶች ቡድን መሆኑ ነው። አሰልጣኙ የአንዷ አባት ነው፣ ልጁ ደግሞ ምንም ብታደርግ ሜዳ ውስጥ ናት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው «ዳዲ ቦል» እያሉ ይቀልዱበታል። ሁሉም አባት አሰልጣኝ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ልጄን ኳስ መያዝ ያስተማራት ጠዋት ቧንቧ ሲሠራ ውሎ ማታ በነፃ የሚያሰለጥን አባት ነው፣ እግዜር ይስጠው።

አሁን የኔን ስህተት ልንገራችሁ። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላት ገባር ቡድኗ ውስጥ ጥሩ ቦታ ነበራት። አንድ ትልቅ ስም ያለው ትራቭል ቲም ግን «ነይ» አላት፣ እኔም ስሙን ሰምቼ ልቤ ተነፋ። ሜዳቸው በመኪና አንድ ሰዓት ይርቃል። ክፍያው ወደ 3 ሺህ ዶላር፣ ሆቴሉና ቤንዚኑ ሳይቆጠር። አንዳንዶቹ ቶርናመንቶች ደግሞ እነሱ በመረጡት ሆቴል ካላደራችሁ ቡድኑ አይጫወትም ይላሉ፣ የዘመድ ቤት በዚያው ከተማ ቢኖራችሁም! ቡድኑ ውስጥ 14 ልጆች ነበሩ፣ ልጄ አሥራ አራተኛዋ። ሦስት ስቴት አቋርጠን ሄደን በሁለት ቀን አራት ኢኒንግ ተጫወተች። አራት። የተቀረውን ጊዜ ውሃ ስታቀብልና ስታጨበጭብ ነበር። በልምምድ ብዙ ተማረች፣ ያንን አልክድም፣ የመምታት አሰልጣኛቸው ጎበዝ ነበር። ግን ያ ዓመት አልፎ ሃይስኩል ትራይአውት ስትሄድ የድሮ ጓደኞቿ ተቀናጅተው አገኘቻቸው፣ እሷ እንግዳ ሆነች። ትልቁ ቡድን ውስጥ ተቀማጭ፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ባዳ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን። ያንን ዓመት ጄቪ (ከቫርሲቲ በታች ያለው የሃይስኩሉ ሁለተኛ ቡድን) ተጫወተች። ሲዋል ሲያድር ጄቪው ጠቀማት፣ ምክንያቱም በየጨዋታው ሰባቱንም ኢኒንግ ሜዳ ውስጥ ነበረች።

ይሄን ስል ትልልቆቹ ቡድኖች አይረቡም ማለቴ አይደለም። ለአንዳንድ ልጅ ግድ ናቸው፣ ምክንያቱም የኮሌጅ ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ቀላል ነገር አለ። የኮሌጅ ሶፍትቦል ሲዝን ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ነው። በአብዛኛው ስቴት የሃይስኩል ሲዝንም በዚያው በጸደይ ነው። ስለዚህ የኮሌጅ አሰልጣኙ ልጃችሁ ለትምህርት ቤቷ ስትጫወት ሊያያት አይችልም፤ እሱም የራሱን ጨዋታ እየመራ ነው። የሚያያት በበጋና በመጸው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በደርዘን ሜዳ በሚደረጉት ትልልቅ የትራቭል ቶርናመንቶች ላይ ነው። በአንድ ቀን ስልሳ ሰባ ልጅ ያያል። ስለዚህ ዲቪዥን 1 (ከፍተኛውን የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የምታስብ ልጅ፣ በተለይ ወርዋሪ፣ ካቸር ወይም ሾርትስቶፕ ከሆነች፣ ከ15 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ እዚያ መታየት አለባት። ከዚያ በፊት አይደለም። የዲቪዥን 1 አሰልጣኞች ልጅን ማነጋገር የሚፈቀድላቸው 11ኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። የ12 ዓመት ልጅ አባትን «አሁን ካልገባች ዕድሉ ያመልጣታል» የሚል ሰው ካገኛችሁ የሚሸጥላችሁ ነገር አለው ማለት ነው።

ስኮላርሺፕም ሲባል ልባችሁ ቶሎ አይሙቅ። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን 1 ሶፍትቦል ቡድን የነበረው 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፣ እሱንም ለሃያ ምናምን ልጅ እየሸረፉ ያካፍሉት ነበር። አሁን በ2025 በጸደቀው የኮሌጅ ስፖርት የፍርድ ቤት ስምምነት የገቡት ኮሌጆች እስከ 25 ልጅ መያዝና ለሁሉም መስጠት ይችላሉ፣ ይችላሉ ማለት ግን ይሰጣሉ ማለት አይደለም። ዲቪዥን 3 ለስፖርት አንድ ሳንቲም አይሰጥም፤ የሚሰጠው በውጤትና በቤተሰብ ገቢ ነው። ዲቪዥን 1 ለመጫወት ደግሞ 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ያስፈልጋል። ስለዚህ በየዓመቱ 4 ሺህ ዶላር እያወጣችሁ «በስኮላርሺፕ ይመለሳል» ብላችሁ የምታስሉ ካላችሁ ያንን ገንዘብ የኮሌጅ ሂሳብ ውስጥ ብታስቀምጡት ይሻላችኋል። ልጅቷ ስለምትወደው ከሆነ የምታወጡት፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ እኔም ያንን ነው ያደረግኩት።

የምትኖሩበት ስቴት ደግሞ ንጽጽሩን ይገለብጠዋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ የሃይስኩል ሶፍትቦል በጸደይ ነው። አትላንታ አካባቢ ያላችሁ ግን ጆርጂያ ውስጥ ሲዝኑ በመጸው ነው፣ ከኦገስት ጀምሮ። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁም እንደዚሁ፣ ኮሎራዶ በመጸው ነው የሚጫወተው። አይዋ ጭራሽ በበጋ ያደርገዋል፣ ትራቭል ቲሞቹ በሚሯሯጡበት ሰዓት፣ እና እዚያ ሁለቱን ማስታረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በሃይስኩል ሲዝን መሀል በዚያው ስፖርት ለውጭ ቡድን መጫወት ክልክል ነው፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ብላችሁ ብትልኳት ከትምህርት ቤት ጨዋታ ልትታገድ ትችላለች። በሌሎች ስቴቶች ሕጉ ይለያያል። ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የስፖርት ዳይሬክተር በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት። ትምህርት ቤት መቀየር ያሰባችሁም አስቡበት፤ ቤት ሳይቀየር ለስፖርት ብሎ መዛወር በብዙ ቦታ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ ከቫርሲቲ ሊያስቀምጣት ይችላል።

ልጃችሁ ወርዋሪ ከሆነች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በቤዝቦል ሃይስኩሎች ከ2017 ጀምሮ ወንዶቹ በቀን የሚወረውሩት ኳስ ብዛት ገደብ አለው። ለሶፍትቦል ተመሳሳይ አገር አቀፍ ገደብ የለም። «ከታች መወርወር አይጎዳም» የሚል አሮጌ ወሬ አለ፣ ትከሻዋን በበረዶ ጠቅልላ የምትተኛ ልጅ ያየ አባት አያምነውም። ትንሽ ገባር ቡድን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ወርዋሪ ነው ያለው። ቅዳሜ ሦስት ጨዋታ፣ እሁድ ሁለት፣ ሁሉንም እሷ። ትልልቆቹ ቡድኖች አራት ወርዋሪ ስለሚይዙ በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ስለዚህ ለወርዋሪ ኢኒንግ ቁጠሩ ያልኩት ተቃራኒውን ይሆናል። እንዳይበዛ ቁጠሩ። በዓመት ሁለት ሦስት ወር ሙሉ በሙሉ እንድታርፍ አድርጉ፤ አሰልጣኙ ካኮረፈ ያኩርፍ።

የኛን ቤት ጉዳይም ላንሳ፣ ሌላ ቦታ ተጽፎ አታገኙትምና። ትራቭል ቶርናመንት ሲባል ቅዳሜ የምድብ ጨዋታ ነው፣ እሁድ ጠዋት ማጣሪያው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ገባር ቡድን ውስጥ «እኛ በወር ሁለት እሁድ ቅዳሴ ሳያልቅ አንመጣም» ብዬ አሰልጣኙን አነጋግሬ ተስማምተናል። ትልቁ ቡድን ውስጥ ይሄን ስል ሰውየው እንደ እብድ ነው ያየኝ። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፣ አብዛኛው የሚያርፈውም በጸደዩ ሲዝን ላይ ነው። ልጄ መጾም ትፈልግ ነበር፤ ቆሎና ኦቾሎኒ በቦርሳዋ፣ ሽሮ በቴርሞስ፣ የቡድኗ ልጆች በኋላ ሽሮውን መለመን ጀመሩ። እና በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት የሚደረገው የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ፌስቲቫል አለ። ከ1984 ጀምሮ የነበረ፣ ዘመድ ሁሉ የሚገናኝበት። የሶፍትቦሉ ትልልቅ የበጋ ቶርናመንቶች የሚጀምሩትም በዚያው ሰሞን ነው፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያሉትን ጨምሮ። የቡድኑን የበጋ ካሌንደር ከመፈረማችሁ በፊት እዩ፤ አክስቶቿ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቋት እናንተ የሆነ ሆቴል ቁርስ ቤት ዋፍል ስትጠብሱ እንዳትገኙ።

አሁን ወዳጄ «እሺ በቃ፣ የትኛውን ልምረጥ?» ሲለኝ ያልኩትን ልንገራችሁ። ልጅህ 11 ዓመቷ ነው፣ ሰፈራችሁ ያለው ሃይስኩል ገባር ቡድን አለው፣ አሰልጣኙም ከሃይስኩሉ ደመወዝ አይበላም። ዓይንህን ሳታሽ እዚያ አስገባት አልኩት። 14 ዓመት ሲሞላት ራሷ «እኔ ኮሌጅ መጫወት እፈልጋለሁ» ካለች፣ ያውም አንተ ሳትሆን እሷ ካለች፣ ያኔ ትልቁን ቡድን እንፈልጋለን፣ ያውም መነሻ ተሰላፊ የምትሆንበትን እንጂ ስሙ የሚያምረውን አይደለም። ሃይስኩሉ ገባር የሌለው ከሆነ ደግሞ አትዘን። ብዙ የኛ ልጆች የሚማሩባቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች እንደዚያ ናቸው፣ ቡድን ለመሙላት ኮሪደር ላይ ልጅ የሚለምኑ። እዚያ ሪክ ሊግ ብቻ የተጫወተች ልጅ 9ኛ ክፍል ቫርሲቲ ትጀምራለች። ብዙ ትሸነፋለች፣ እውነት ነው፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ ትጫወታለች። ሩጫ ብቻ የምታውቅ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ 10ኛ ክፍል እንዲሁ ገብታ ሴንተርፊልድ (የሜዳው የኋላ መሀል) የሷ ሆነ፤ ኳሱን መያዝ የተማረችው በኋላ ነው፣ መድረስ ግን ድሮም ትችል ነበር።

ትራቭል ቲሞቹ ትራይአውት የሚያደርጉት ኦገስት አካባቢ ነው። ልጅቷን ከወደዷት በዚያው ምሽት ይደውሉና «እስከ ነገ ካልመለሳችሁ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» ይላሉ። እኔ አሁን የምጠይቃቸው አራት ነገር ነው። ስንት ልጅ ትይዛላችሁ? ለሷ ያሰባችሁት የሜዳ ቦታ የትኛው ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ከሷ ሌላ ማን አለ? በክረምቱ መሀል ብትወጣ የከፈልነው ምን ይሆናል? ከሃይስኩሉ ጋር ቀን ሲጋጭ ማን ይቀድማል? «እሱን በኋላ እናየዋለን» የሚል መልስ ከሰማችሁ አንድ ቀን አስቡበት በሏቸው። ቦታው ካለፈ ይለፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይደውላል። የ400 ዶላሩን መምቻ ደግሞ የት እንደምትጫወት ሳታውቁ አትግዙ። አንዳንዱ ሊግ የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል፤ የኔ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቆመዋል።